ቤቱን ረትተው ወንድማቸውን አጡ

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ አንድ ገጽ እንገልጣለን። ታሪኩ የስኮትላንድ ነው፤ ጉዳዩ ግን ከእኛ ሩቅ አይደለም። ወንድም ወንድሙን ሲከስ፣ መባና አሥራት ለጠበቃ ሲከፈል፣ የጸሎት ቤት በር በእግድ ሲዘጋ በእኛም መካከል አይተናል።

ጊዜው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1843 ዓ.ም. ነው። በስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ባለ ርስቶች ለአጥቢያው መጋቢ የመምረጥ መብት ነበራቸው። ሕዝቡ አንፈልግም ቢልም የእነርሱ ሰው ይሾምበት ነበር፤ ፍርድ ቤትም ለእነርሱ ፈረደ። በዚህ ጊዜ ቶማስ ቻልመርስና ሌሎች ከ450 በላይ አገልጋዮች የቤተ ክርስቲያን ራስ ክርስቶስ እንጂ ባለ ርስት አይደለም ብለው ከቤተ ክርስቲያኒቱ ወጡ። ደመወዛቸውን፣ መኖሪያቸውን፣ የሚሰብኩበትን ሕንፃ ትተው ወጡ። የስኮትላንድ ነጻ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ተመሠረተች።

ዋጋው ቀላል አልነበረም። አንዳንድ ባለ ርስቶች የጸሎት ቤት መሥሪያ ቦታ ስለ ከለከሏቸው ሜዳ ላይ በብርድ አመለኩ። ስትሮንሺያን በምትባል ስፍራ ያሉ ምእመናን በየብስ ላይ ቦታ ቢያጡ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ጸሎት ቤት አሠሩ! ቻልመርስ ድሀው ሳይቀር በሳምንት አንዲት ፔኒ እንዲሰጥ አደራጀ። ሕዝቡ እየሰጠ አገልጋዮች ተደገፉ፣ ጸሎት ቤቶችና ኮሌጅ ተሠሩ፣ ሚሲዮናውያን እስከ ሕንድና አፍሪካ ተላኩ።

57 ዓመት አለፈ። በ1900 ዓ.ም. ነጻ ቤተ ክርስቲያን ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተዋሐደች። ከአንድ ሺህ በላይ አገልጋዮች ውሕደቱን ተቀበሉ፤ ሠላሳ የማይሞሉ፣ አብዛኞቹ ከሰሜኑ ደጋ አገር የሆኑ፣ እምቢ አሉ። መንግሥት የክርስትናን እምነት መደገፍ አለበት የሚለውን የአባቶቻችንን ትምህርት ትታችኋል፤ ስለዚህ እውነተኛዋ ነጻ ቤተ ክርስቲያን እኛ ነን፣ ንብረቱም የእኛ ነው ብለው ከሰሱ።

ክሱ በስኮትላንድ ፍርድ ቤት ውድቅ ሆነ። ይግባኙ ለንደን፣ የጌቶች ምክር ቤት ደረሰ። ክርክሩ ከተሰማ በኋላ፣ ፍርድ ሳይሰጥ አንዱ ዳኛ ስለ ሞቱ ሁሉም እንደ አዲስ ተሰማ። የጠበቃ ወጪም እንዲሁ እንደ አዲስ! ነሐሴ ወር 1904 ዓ.ም. ዳኞቹ አምስት ለሁለት ሆነው ለጥቂቶቹ ፈረዱ። ንብረቱ ለመጀመሪያው እምነት የተሰጠ አደራ ነው፤ ብዙኃኑ ያንን እምነት ለውጠዋል አሉ።

እስቲ አስቡት። ሠላሳ የማይሞሉ አገልጋዮች ከሺህ በላይ አገልጋዮች ይገለገሉበት የነበረውን ጸሎት ቤት፣ ኮሌጅና ገንዘብ ወረሱ። ያሸነፉት በእጃቸው የገባውን ሁሉ በአገልግሎት ሊሞሉት አልቻሉም፤ የተሸነፉት የጸለዩበትን ቤት ልቀቁ ተባሉ። በየመንደሩ አንድ መዝሙር ሲዘምሩ የኖሩ ጎረቤቶች ተለያዩ። ድሆች ለወንጌል ብለው የሰጡት ሳንቲም የሙግት ምክንያት ሆነ። ነገሩ አልያዝ ቢል ፓርላማው በ1905 ዓ.ም. ሕግ አውጥቶ ንብረቱን ለሁለቱ የሚያካፍል ኮሚሽን አቋቋመ።

ወገኖቼ፣ መጨረሻው ምን ሆነ? መካፈል! ከዓመታት ሙግት በኋላ በሕግ የተካፈሉትን መጀመሪያ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ በጸሎትና በሽምግልና ሊካፈሉት ይችሉ ነበር። አባቶች ስለ ሕሊናቸው ቤቱን ትተው ወጡ፤ ልጆች ስለ ሕሊናቸው ብለው በቤቱ ተካሰሱ። በሁለቱም ወገን ቅን ሰዎች ነበሩ። ቅንነት ብቻውን ግን ወንድማማችነትን አያድንም።

ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6 የቆሮንቶስ ሰዎችን የሚጠይቃቸው ይህንኑ ነው፤ በወንድማማቾች መካከል የሚዳኝ አንድ ጠቢብ ጠፋን? ብትበደሉስ ምናለ? ይላቸዋል። ይስሐቅንም በዘፍጥረት 26 ተመልከቱ። የቆፈራቸውን ጉድጓዶች የእኛ ናቸው ሲሉት ትቶ ሄደ፣ ሌላ ቆፈረ፤ እግዚአብሔርም ሰፊ ቦታ ሰጠው። ቦታ የሚያሰፋው እግዚአብሔር እንጂ ይግባኝ አይደለም።

ይህን ስል በደልን እንሸፋፍን ማለቴ አይደለም። ገንዘብ የሰረቀ፣ ሕፃን የጎዳ ሰው ጉዳዩ ለሕግ ይቅረብ፤ ሽምግልና የወንጀል መደበቂያ አይሁን። ነገር ግን ሰላም ሳለ የመተዳደሪያ ደንባችንን እናጥራ፤ ሒሳባችን በየዓመቱ ይመርመር፤ ብንለያይ ንብረቱ ምን እንደሚሆን ሳንጣላ እንስማማ። ጠብ ሲነሳም ወደ ጠበቃ ከመሮጣችን በፊት ሁለቱም ወገን የሚያከብሯቸውን ሽማግሌዎች እንፈልግ።

አንተ ወንድሜ፣ አንቺ እህቴ፣ ዛሬ የክስ ፋይል በእጅህ፣ በእጅሽ ካለ፣ ከመክፈት በፊት ያንን ወንድም በስሙ ጥሩትና ጸልዩለት። ከዚያ ስልክ ደውሉለት።

ጌታ ሆይ፣ የቤትህን ቁልፍ ከመያዝ ይልቅ የወንድማችንን እጅ መያዝን አስተምረን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን። ጌታ ይባርካችሁ።