ጥበብ በበዓል በጀት

መንግሥት በአገራችን ለጥበብ ኪሱን የሚፈታው በዓል ሲደርስ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም የተከፈተው ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ 25ኛ የንግሥ በዓል ነበር። ሆኖም በዓሉ ሲያልፍ ደመወዝተኛ ተዋንያንና ሙዚቀኞች ቀሩለት፤ ዘውዱም ደርግም ሲወድቁ እርሱ አልተዘጋም።

ወደ ጋምቤላ የመጣው ግን ይበልጡን በዓሉ ነው። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 91 መንግሥት ኪነ ጥበብን እንዲደግፍ ግዴታ ጥሎበታል፤ ግዴታው ግን አቅም በፈቀደ መጠን ነው (ስንት ነገር ያመለጠባት ሐረግ!)። በ2008 ዓ.ም 10ኛው የብሔር ብሔረሰቦች ቀን በጋምቤላ ከተማ ሲከበር አቅም ፈቀደ። አኙዋ፣ ኑዌር፣ ማጃንግ፣ ኦፖና ኮሞ በየጭፈራቸው በቴሌቪዥን ታዩ።

የባህል ቢሮ አለ ይባል ይሆናል። ቢሮ ለበዓል ቡድን ይጠራል፤ እኔ የምለው በአዋጅ የቆመ፣ የራሱ ቦርድና የዘወትር በጀት ያለው የኪነ ጥበብ ተቋም ነው። አንቀጽ 52 ክልሎች በጀታቸውን ራሳቸው እንዲያወጡ ስለፈቀደ፣ ለዚህ አዲስ አበባን መጠበቅ አያሻም። ለኒውላንድ ወጣት ዘፋኝም ሆነ በአውራ ጣቱ ቶም ለሚጫወት አዛውንት፣ የመጀመሪያው ዓመት ወጪ አንድ መለማመጃ አዳራሽና አንድ የድምፅ መቅረጫ ቢሆን ይበቃል።