ሬዲዮ ያጣው ሳሎን

ጭሮ አንድ ወዳጄ ቤት እንግዳ ሆኜ ነበር። ሳሎኑን የሞላው ሆም ቴአትር አምስት ስፒከርና አንድ ባስ አለው፤ ሬዲዮ ግን የለውም። አባቱ ጥግ ይዘው ትንሿን ትራንዚስተር ጆሯቸው ላይ ለጥፈዋል።

እኚህ ሰው የሬዲዮን ጉልበት ያወቁት ከተማዋ አሰበ ተፈሪ በምትባልበት ዘመን ነው። በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ በሬዲዮ ተሰማ። የዚያድ ባሬ ጦር ወደ ሐረርና ድሬዳዋ ሲገፋ ለጨርጨር ሰው ወሬው የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም። ያኔ ሬዲዮ ያለው ቤት ጎረቤት ይሰበስባል፤ አንዱ ሰምቶ ለሌላው ያወራል።

«አዲስ ልግዛላቸው?» አለኝ ወዳጄ። ምን በወጣህ! ከትንሿ ሬዲዮ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ሆም ቴአትሩ «ኦክስ» መግቢያ አንድ ገመድ ዘረጋን። ማጫወቻው አጠገብ ስትሆን አጭር ሞገዱ ስለሚንጫጫ መስኮት ሥር አስቀመጥናት። ድምጿንም መሃል ላይ አቆምነው፤ ከዚያ ካለፈ ይሻክራል።

ዜናው ሳሎኑን ሞላው። አባት ወንበራቸውን ከጥጉ ወደ መሃል ሳቡና «እንዲህ ነው እንጂ! ሬዲዮ ለብቻ ይሰማል እንዴ?» አሉ።