አባትህ የት ነው የተማረው?

የአሜሪካ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ለቀድሞ ተማሪዎቻቸው ልጆች ቅድሚያ መስጠታቸው ሲነሳ "የቆየ ወግ ነው" ይባላል። እሺ፣ ከመቼ ጀምሮ? ለምንስ?

በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሃርቫርድ የሚገባው በዋናነት በፈተና ነበር። ፈተና ዘር አይጠይቅም። ከምሥራቅ አውሮፓ የተሰደዱ አይሁድ ልጆች ፈተናውን እያለፉ ገቡ፤ በ1922 ከአምስት አዲስ ገቢ አንዱ አይሁዳዊ ሆነ። ፕሬዚዳንቱ ሎረንስ ሎውል ደንገጥ ብለው "ከ15 በመቶ እንዳይበልጡ" አሉ። መምህራኑ እምቢ አሉ። በኋላ ግን "ጠባይ" የሚባል መመዘኛ መጣ፤ ፎቶግራፍም ይጠየቅ ጀመር።

በነዚያው ዓመታት ዳርትማውዝና ዬል ለቀድሞ ተማሪዎቻቸው ልጆች የሚያደላ ደንብ አወጡ። የማንም ዘር አልተጠራም። ግን አባቱ ትናንት ከመርከብ የወረደ ልጅ፣ ዬል የተማረ አባት ከየት ያምጣ?

በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቅበላ ላይ ዘርን ማየት ከለከለ። የአባት ዲግሪን ግን አልነካም። በዚያው ክርክር የወጣው የሃርቫርድ መረጃ እንደሚያሳየው ከቀድሞ ተማሪ ልጆች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ሲገባ፣ ከሌላው አመልካች ከመቶ ስድስት እንኳን አይሞላም።

"እርዳታ የሚሰጡን እነሱ ናቸው" የሚል መከራከሪያ አለ። ጆንስ ሆፕኪንስ ግን አሠራሩን ትቶታል፤ አልደኸየም።

አሜሪካ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ ልጆቻችሁ ዛሬ በዚያ ስደተኛ ልጅ ቦታ ናቸው። ልጃችሁ ሃርቫርድ ከገባ ግን ደንቡ ለልጅ ልጃችሁ ይሠራል።

ያኔስ ትቃወሙታላችሁ?