ሚስትራል፤ በእርሳስ የተቀረጸ የእጅ ጽሕፈት

የእጅ ጽሕፈት የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ የማተሚያ ፊደል ግን የማንም ሳይሆን የሁሉም ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ሁለቱን ለማስታረቅ የታሰበበትን አንድ የፈረንሳይ ፊደል ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሚስትራል የተባለውን ፊደል የሣለው በ1910 በማርሴይ ከተማ የተወለደው ሮዤ ኤክስኮፎን ነው። በ1953 ለገበያ ያወጣው ደግሞ በዚያው ከተማ የነበረውና ከፓሪሱ ደበርኒ ኤ ፔኞ ጋር ይወዳደር የነበረው ፎንድሪ ኦሊቭ የተባለው የማተሚያ ፊደል አምራች ነው። ስሙም በደቡብ ፈረንሳይ ከሰሜን በኩል ከሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ የተወሰደ ነው።

የሥራው ችግር ምን ነበር? በእኛ አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ይቆማል፤ በላቲን የእጅ ጽሕፈት ግን ፊደሎቹ እየተያያዙ ይጻፋሉ። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ፊደል በተለየ የእርሳስ ቁራጭ ላይ ይወጣ ስለ ነበር፣ የአንዱ ጭራ የሚያበቃበትና የሚቀጥለው የሚጀምርበት ከፍታ ልክ ለልክ ካልገጠመ ቃሉ ይቆራረጣል። ፊደል ለቃሚው የትኛውን ከየትኛው አጠገብ እንደሚያኖር አስቀድሞ አይታወቅምና፣ አንዱ ቁራጭ ከብዙዎቹ ጋር መግጠም ነበረበት።

እርግጥ ነው፣ ማያያዝ በራሱ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ፊርመን ዲዶ በፓሪስ በ1800ዎቹ መጀመሪያ ሠርቶታል። ነገር ግን የዲዶ ፊደል የተቀዳው በትምህርት ከተገራ እጅ ነው። ኤክስኮፎን ግን መነሻ ያደረገው የራሱን ጽሕፈት ነው፤ መስመሩ ይወፍራል፣ ይቀጥናል፤ ጠርዙ ሻካራ ነው፤ ፊደሎቹም ወጣ ገባ ይላሉ። እንግዲህ የሚስትራል አዲስነት በአሠራሩ ብቻ አይደለም። ለኅትመት የሚበቃው የማን እጅ ነው ለሚለው ጥያቄ አዲስ መልስ በመስጠቱም ነው።

መልሱን ባለ ሱቆች በደስታ ተቀበሉት። ሚስትራል በፈረንሳይ የሱቅና የምግብ ቤት ሰሌዳዎች ላይ ተስፋፋ። ኋላም ወደ ኮምፒዩተር ተዛወረ፤ በ2011 የወጣው ድራይቭ የተባለ የአሜሪካ ፊልም ርእስም በዚሁ ፊደል በሮዝ ቀለም ተጽፏል።

ሆኖም አንድ ገደብ አለው። ሰው በእጁ ሲጽፍ አንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ ፍጹም አንድ ዓይነት አድርጎ አይጽፍም፤ ማተሚያው ግን ሁልጊዜ ያንኑ ይደግማል። በአጭር ቃል ይህ አይታወቅም፤ በረጅም ገጽ ግን አንባቢው ከእጁ በስተኋላ ያለውን ማሽን ይነቃበታል። ስለዚህ ሚስትራል ለስም፣ ለርእስና ለጥሪ ወረቀት ይስማማል፤ ለመጽሐፍ ገጽ አይስማማም።

በእኛ አስተያየት የእጅና የማተሚያው እርቅ የሚጸናው በጥቂት ቃላት ውስጥ ነው። በእነዚያ ጥቂት ቃላት ግን የአንድ የማርሴይ ሰው እጅ፣ ስሙን ሰምተው የማያውቁ የብዙ ሰዎች እጅ ሊሆን በቅቷል።