ጠቢብና ጠይብ፦ አገር በቀል ዕውቀት በሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርታችን ታሪክ



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ አገር በቀል ዕውቀትን ከሥነ ጥበብና ከዲዛይን ትምህርት ጋር ስለ ማዋሐድ ነው። ሐረጉ በፖሊሲ ሰነዶችና በሥርዓተ ትምህርት መግቢያዎች ላይ አዘውትሮ ስለሚነበብ ሰው ሁሉ የተስማማበት ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን የታሪክ መምህር ነኝና ስምምነቱን ለጊዜው ወደ ጎን ትቼ አንድ ጥያቄ ላንሣ። በአገራችን ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲቋቋም፣ ቀድሞ የነበረው ዕውቀት በየትኛው በር ገባ? መልሴን ከወዲሁ እናገራለሁ፤ መልኩ ገብቷል፣ ባለቤቱ ደጅ ቀርቷል።

ከቃሉ ልነሣ። በአማርኛ ጥበብ ዕውቀት ነው፤ ኪነትም ነው፤ ሸማኔ በቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚያወጣው ባለቀለም ጌጥም ጥበብ ይባላል። ጠቢብ የሚለው የግእዝ ቃል ግን በእኛ አፍ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ሊቅን ማክበሪያ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛው «ጠይብ» ሆኖ የብረት ቀጥቃጩና የሸክላ ሠሪዋ መሰደቢያ ሆነ። ቆዳ የሚያለፋውም «ፋቂ» ተብሎ ተናቀ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበር ያሳያል። ዐዋጁ ስድቡን ከልክሏል፤ ባለ እጁን መምህር ማድረግ ግን ከዐዋጁም በኋላ የማንም ሐሳብ አልነበረም።

የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመሠረተው በ1950 ዓ.ም. ነው። ኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተጠቃሎ ዛሬ በመሥራቹ በአለ ፈለገ ሰላም ስም ይጠራል። አለ በአሜሪካ ቺካጎ ተምረው የተመለሱ ሠዓሊ ሲሆኑ፣ የቤተ ክርስቲያንን ሥዕል ከውጭ ሆነው የሚያዩ ሰው አልነበሩም፤ ራሳቸውም አብያተ ክርስቲያናትን ሥለዋል። ሆኖም ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ተማሪውን የሚያስጀምረው በሰው አካል አወቃቀር፣ በብርሃንና ጥላ፣ በርቀት እይታ ሕግ ነበር። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከኮሎኝ፣ እስክንድር ቦጎስያን ከፓሪስ ተመልሰው አስተማሩ። ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተልከው የተማሩት መጡ። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ያመጡልን ሀብት ትልቅ ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን የመምህራኑን መንገድ በካርታ ላይ ብናሰምር ቺካጎን፣ ኮሎኝን፣ ፓሪስንና ሌኒንግራድን እናገኛለን፤ ከጎንደር፣ ከጣና ደሴቶች ወይም ከጋሞ ደጋ ተነሥቶ ወደ መምህሩ ወንበር የሚደርስ መሥመር ማግኘት ያስቸግራል።

የዚህ ውጤት በቀላል ነገር ይታያል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ይመለከታል፤ ክፉው በጎን ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህ ሊነበብ የሚገባው ሥርዓት ነው። በርቀት እይታ ሕግ ብቻ የሠለጠነ ተማሪ ግን የመጀመሪያ ፍርዱ «አሣሣሉ ጉድለት አለበት» የሚል ይሆናል። እኔም በፈተና ወረቀት ላይ ይህንኑ ፍርድ ደጋግሜ አንብቤአለሁ። በዚህ አጋጣሚ፣ አገር በቀል ማለት የውጭ እጅ ያልነካው ማለት እንዳልሆነ ላስታውስ። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ኒኮሎ ብራንካሌዎን የተባለ የቬኒስ ሰው በአገራችን ኖሮ ሥሏል፤ ሠዓሊዎቻችንም ከእርሱ የሚፈልጉትን ወስደው በራሳቸው ሥርዓት ውስጥ አዋሉት። መውሰድ ነውር ሆኖ አያውቅም።

መልኩ ገብቷል ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እስክንድር እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 ሲያስተምር የክታብን ዓይኖችና የብራናን ዓለም ለተማሪዎቹ ከፈተላቸው፤ ኋላም በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ ይህንኑ ቀጠለ። ዘሪሁን የትምጌታ የሸማኔ ዕቃ የሆነውን የቀርከሃ ስንጣሪ ገጥሞ ሣለበት። ሁለቱም ሥራቸው የሚያስደንቅ ነው። ጥያቄዬ ስለ እነርሱ አይደለም፤ ስለ ተቋሙ ነው። ክታቡን የጻፈው ደብተራና መጣያውን የሠራው ሸማኔ በዚያ ግቢ መምህር ተብለው አልተቀመጡም። ተማሪው ዕውቀቱን የሚያገኘው አንድ ሊቅ ሠዓሊ ተርጉሞ ሲያቀርብለት ብቻ ነበር።

የቀረብን ምን እንደሆነ ለማሳየት ብራናን ልውሰድ፤ ጥቂት እቆይበታለሁ። የፍየሉ ቆዳ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ይወጠራል። ከውስጥ ሥጋውና ስቡ፣ ከውጭ ፀጉሩ በስለት ይፋቃል፤ በሻካራ ድንጋይ ይታሻል። ስብ የቀረበት ቦታ ቀለም አይቀበልም፤ ከልክ በላይ የተፋቀው ይቀደዳል። ልኩን የሚያውቀው እጅ ነው። ቁም ጸሐፊው አንድ ፊደል ከመጻፉ በፊት የመሥመሮቹን ጫፍ በወስፌ ይወጋል፤ ከነጥብ ወደ ነጥብም ያለ ቀለም፣ ቆዳውን በመጫን ብቻ ያሰምራል። የኅዳጉ ስፋት፣ የዐምዶቹ ቁጥር፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሁሉ ያኔ ተወስኗል። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት ራሱ ያዘጋጃል፤ ቀዩን ለቅዱሳን ስምና ለመክፈቻ ቃላት ያቆያል። ጥራዙ ሲታጠፍ የፀጉሩ ወገን ከፀጉር ወገን፣ የሥጋው ወገን ከሥጋ ወገን ጋር ይገጥማል፤ መጽሐፉ ሲገለጥ የግራውና የቀኙ ገጽ መልክ እንዳይለያይ ነው። ሐረጉ፣ ሥዕሉ፣ የእንጨት ገበታው፣ ድጉሱና ማኅደሩ ከዚህ በኋላ ይመጣሉ።

የግራፊክ ዲዛይን ተማሪዎቻችን ገጽን በማይታይ መሥመር መከፋፈልን የሚማሩት ከ20ኛው መቶ ዘመን የስዊስ ዲዛይነሮች ነው። ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ ይቀጥል። ነገር ግን የማይታየውን መሥመር ለዘመናት በወስፌ ሲያሰምር የኖረው ሰው ከግቢያችን ብዙ ሳይርቅ ተቀምጦ ሳለ፣ በትምህርቱ ታሪክ ውስጥ አንድ ገጽ እንኳ አላገኘም።

ከዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው ተቋም ሳለሁ፣ አንድ አረጋዊ ቁም ጸሐፊ ለአንድ መንፈቀ ዓመት ብራና እንዲያስተምሩልን ጋበዝሁ። ክፍያውን የሚወስነው ቅጽ «የትምህርት ደረጃ» የሚል ሣጥን ነበረው። በንባብ ቤት፣ በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት ያሳለፏቸው ዓመታት በዚያ ሣጥን ውስጥ የሚሰፍሩበት መንገድ ስላልተገኘ፣ ገንዘቡ በመጨረሻ በቀን ሠራተኛ ስም ወጣ። እርሳቸው ፈርመው ሲጨርሱ ቀና ብለው «መምህር፣ የቀን ሥራ መቼ ሠራሁላችሁ?» አሉኝ። ተማሪዎቹ «የኔታ» እያሉ ሲጠሯቸው ነበር የሰነበቱት። ጠቢብና ጠይብ በአንድ ሰው ላይ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲገናኙ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ይህን የምናገረው ሁሉም ነገር ወደ መማሪያ ክፍል ይግባ ለማለት አይደለም። ክታብ የሚዘጋጀው ለአንድ ሰው ነው፤ ርዝመቱም በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው። ለዚያ ሰው የተጻፈውን በስክሪን አጉልቶ እንደ ጌጥ ናሙና ማሳየት ምን ማለት እንደሆነ ልንጠይቅ ይገባል። የኮንሶ ዋካም እንዲሁ ነው። ለሟች ጀግና መታሰቢያ በመቃብሩ ላይ የቆመ የእንጨት ሐውልት ነው፤ እየተሰረቀም ለገበያ ቀርቧል። ቅርጹን ለመብራት ማስቀመጫ ያዋለ የተማሪ ሥራ አይቻለሁ፤ አጨራረሱ ያማረ ነበር። ልጁን አልወቀስሁትም፤ የማን መቃብር እንደሆነ የነገረው አልነበረምና። ሊነግረው የሚችለው ሰው በመምህርነት በመካከላችን ቢኖር ኖሮ፣ የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን እርሱ ራሱ ይወስን ነበር።

በእኔ እምነት፣ «አገር በቀል ዕውቀት» የሚል አንድ ኮርስ በመጨመር የሚፈታ ነገር የለም። እንዲያውም ኮርሱ ለብቻው ሲቆም የቀረው ትምህርት ሳይነካ እንዲቀጥል ምቹ ሰበብ ይሆናል። የገጽ አከፋፈል በሚማሩበት ሰዓት ወስፌው ይምጣ፤ የጨርቃ ጨርቅ ዲዛይን ተማሪ ሽሮ ሜዳ ወርዶ ከሸማኔው ጉድጓድ አጠገብ ይቀመጥ፤ ሥራውን በሚገመግመው ጉባኤ ላይም ሸማኔው ድምፅ ይኑረው። እኛ መምህራን በጣም የምንፈራው ይህን የመጨረሻውን ይመስለኛል። ባለ እጁን ጋብዞ ማጨብጨብ ቀላል ነው፤ የሰጠነውን «ኤ» እርሱ «ሲ» ሲያደርገው መቀበል ግን ይከብዳል።

የቸገረን ጊዜ ጭምር ነው። ብራና መፋቅ በቪዲዮ ተቀርጾ የሚተርፍ ዕውቀት አይደለም፤ ስቡ መልቀቁን ጣት እንጂ ካሜራ አይለይም። ያስተማሩልን አባት ዛሬ በሕይወት የሉም። ከእርሳቸው የተማሩት አሥራ አንድ ተማሪዎች ነበሩ፤ ሥራውን ይዘው የቀጠሉት ሁለት ናቸው፤ አንዷ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች።

የቅኔ ቤትና የእጅ ሥራ ልምድ በመምህርነት ደረጃ እንዴት ሊመዘን እንደሚችል፣ ክፍያውም በየትኛው መደብ ሊወጣ እንደሚገባ ያዘጋጀሁት የሦስት ገጽ ረቂቅ በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ከፋይናንስ ክፍል የመጡ ባልደረቦቻችን ስላሉ ጥያቄውን ከእነርሱ ብንጀምር ደስ ይለኛል።