አመፀኛ ዋሻ (ዘረት)

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ ዘረት በሚባል ስፍራ የሚገኝ ጥልቅ የገደል ዋሻ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ወገኖች የሆኑ ሰዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ፣ ከቁስለኞች ጋር ተጠልለውበታል። መሪያቸው ተሾመ ሽንቁጥ ነበር።

የጣሊያን ጦር ዋሻውን ከበበ፤ መድፍና መትረየስ ግን ሊያስወጣቸው አልቻለም። ስለዚህ ሚያዝያ 1 ቀን 1931 ዓ.ም. የሰናፍጭ ጋዝ ተለቀቀባቸው። ዕለቱ የፋሲካ እሑድ ነበር። ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀናት የቀሩትን ጾም በጨረሱበት ቀን መታፈናቸው ከሁሉ በላይ ያሳዝናል። ተሾመ ከጥቂት ሰዎች ጋር በሌሊት አመለጠ፤ እጃቸውን ከሰጡት መካከል 800 ያህል ወንዶች ሚያዝያ 3 ቀን ተረሸኑ። ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴኦ ዶሚኒዮኒ የጦሩን ሰነዶች ተከትሎ በ1998 ዓ.ም. ዋሻውን ሲያገኝ አፅሞቹ እዚያው ነበሩ።

 

በወረራው ዘመን እምነትም ዒላማ ነበር። ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ማግስት፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፈጨፉ፤ 129 ዲያቆናት ከቀናት በኋላ ደብረ ብርሃን አጠገብ እንግጫ ላይ ተረሸኑ። ሌሎች ኢትዮጵያውያን ሞቃዲሾ አጠገብ ወዳለው የዳናኔ እስር ካምፕ ተጋዙ። ሦስት ዓመት ተኩል የታሰሩት ሚካኤል ተሰማ በምስክርነታቸው ከ6,500 እስረኞች 3,175ቱ በረሃብ፣ በቆሻሻ ውኃና በወባ ማለቃቸውን ተናግረዋል።