ግድግዳውን ማን ይምረገው?
ስለ ጭቃ ቤትና ስለ ጥገናው ታሪክ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቤት ታሪክ ነው። ስለ ቤተ መንግሥት አይደለም። የነገሥታቱን ግንብ ታሪክ የጻፉ ሰዎች ብዙ ናቸው። እኛ የምንነጋገረው ስለ ጭቃ ቤት ነው። የአዲስ አበባ ሕዝብ አብዛኛው የኖረው በጭቃ ቤት ነውና። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲደረግ፣ በከተማዋ ከተቆጠሩት ከአምስት ቤት አራቱ ያህል ግድግዳቸው እንጨትና ጭቃ ነበር። በእኛ በአቃቂ ቃሊቲም ከፋብሪካው አጥር ወጣ ስትሉ የምታዩት ቤት ይኸው ነበር፤ ዛሬም ብዙ አለ።

የጭቃ ቤት አንድ ጠባይ አለው። ተሠርቶ አያልቅም። የድንጋይ ግንብ ከተሠራ በኋላ ዝም ብትሉት ዘመን ይቆያል። ጭቃ ግን በየዓመቱ እጅ ይፈልጋል። ክረምቱ ይልጠዋል፣ በጋው ይሰነጥቀዋል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ የሚጠግነው ማን ነው? የዚህ ጥያቄ መልስ በየዘመኑ ተለዋውጧል።

መጀመሪያ ስለ እንጨቱ እናንሳ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ ደን ነበረ። ሕዝቡ ሲበዛ ለማገዶና ለቤት እየተባለ ደኑ አለቀ። ድሮ እንጨት ሲያልቅ መናገሻው ተነቅሎ ወደ ሌላ ስፍራ ይሄድ ነበር። ዐፄ ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ በስተ ምዕራብ በአዲስ ዓለም ሌላ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ነው። ከባሕር ማዶ በመምጣቱ ስሙ ባሕር ዛፍ ሆነ። የገባው በ1887 ዓ.ም. ግድም ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው ደግሞ ያቆጠቁጣል። ዛሬ አጣና፣ ቋሚ፣ ማገር ብለን የምንገዛው ሁሉ የእሱ ልጅ ነው። ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጥጣል ብለው የሚነቅፉት አሉ፤ እውነት አላቸው። ነገር ግን ለድሃው ቤት የሠራለት እሱ ነው።

ቀጥሎ ቆርቆሮ መጣ። ጥንት ክዳኑ ሣር ነበረ። ሣር በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል፤ እሳትም ይፈራል። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ወደ ከተማው ሲገባ የሚያልፈው በአቃቂ ነበረ። ከዚያ ወዲህ ከባድ ዕቃ በበቅሎና በግመል ጀርባ ብቻ መምጣቱ ቀረና ቆርቆሮና ሚስማር በፉርጎ ይመጣ ጀመር። ኋላም እዚሁ ሰፈራችን የቃሊቲ ብረታ ብረት ፋብሪካ የክዳን ቆርቆሮና የበር የመስኮት ብረት ሲያመርት ኖሯል። እርግጥ ቆርቆሮ ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይበርዳል። ዝናብ ሲመታውም ሰውና ሰው አይሰማማም፤ እኛ መምህራንማ በሐምሌ ቆርቆሮ ሥር ማስተማር ምን እንደሆነ እናውቃለን። ቢሆንም ሣሩን አሸነፈው።

አቃቂ በዚያን ጊዜ ለብቻዋ ከተማ ነበረች። ባቡሩ ነበረ፣ ወንዙ ነበረ፣ ፋብሪካዎችም ተተከሉ። የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅን የማያውቅ የለም። ከየገጠሩ ለሥራ የመጣው ሰው ማደሪያ ይፈልጋል። ቦታ ያለው ሰው በግቢው ውስጥ ክፍል በክፍል እያስከተለ አከራየ። ያኔ ጣሪያ ሲያፈስ የሚጠየቀው አከራዩ ነበረ። አንዳንዱ ወዲያው ያስጠግናል። አንዳንዱ ደግሞ «ካልተመቸህ ልቀቅ» ይላል። በገዛ ቤቱ የሚኖረው ግን ጎረቤቱን ይጠራል። ጠላ ይጠመቃል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ጎረምሳው ጭቃ ይረግጣል፣ ሴቶቹ ይለስናሉ። ደቦ ማለት ይህ ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ትልቅ ለውጥ መጣ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ታወጀ። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አንድ ቤት ብቻ ተተወለት። የሚከራየው ቤት ሁሉ ተወረሰ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራየው ለቀበሌ ተሰጠ። ከዚያ በላይ የሚከራየው ለኪራይ ቤቶች ሄደ። ኪራይም ተቀነሰ፤ የትንሹ ቤት ኪራይ እስከ ግማሽ ወረደ። በየወሩ ኪራይ የሚያስጨንቀው ላብ አደር ይህን ሲሰማ ምን ያህል እንደተደሰተ መገመት አያቅትም። ደስታውም ተገቢ ነበር።

ነገር ግን ልብ በሉ። ጥቂት ብር የሚከፈልበት ቤት ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አያስገባም። ቀበሌው ብዙ ቤት አለው፤ ብሩ ግን አይበቃውም። በዚያ ላይ ኪራዩ ለብዙ ዓመት እንዳለ ቆየ፤ የቆርቆሮና የሚስማር ዋጋ ግን ወጣ። ተከራዩስ? ግድግዳ ለማፍረስ ወይም ክፍል ለመጨመር ፈቃድ መጠየቅ አለበት። በገዛ ገንዘቡ ቢያድሰውም ቤቱ የእሱ አይሆንም። ስለዚህ ብዙው ሰው ዕድሜ ልኩን የሚኖርበትን ቤት በጥቂቱ እየለጠፈ ኖረ። ቤቱ የቀበሌ፣ ፍሳሹ የተከራዩ ሆነ። በእኔ አስተያየት የቀበሌ ቤት የጎበጠው ሰው ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም። የመጠገኑ ግዴታ በአንድ ወገን፣ የመጠገኑ ፍላጎት በሌላ ወገን ስለ ተቀመጠ ነው።

ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኮንዶሚኒየም መጣ። በክፍለ ከተማችን ገላንን፣ ቂሊንጦን፣ ቱሉ ዲምቱን ታውቃላችሁ። እዚያ ጭቃ የለም። ነገር ግን የላይኛው ቤት ቧንቧ ሲያፈስ የታችኛው ጣሪያ ይረጥባል፤ ማን ይጠግነው የሚለው ጥያቄ እዚያም ደረጃውን ወጥቷል። ስለዚያ ሌላ ቀን እንነጋገራለን።

አሁን ወደ ጭቃው እንመለስ። አያቶቻችን ይህን ሥራ የተማሩት ከትምህርት ቤት አልነበረም፤ ግን ምክንያቱን ያውቁ ነበር።

የአቃቂ መሬት ብዙው ጥቁር ነው። ጥቁር አፈር ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በበጋ በሜዳው ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የምታዩት ለዚህ ነው። ይህ አፈር ለጤፍ መልካም ነው፤ ለግድግዳ ግን ብቻውን አይሆንም። ስለዚህ ዐዋቂዎች ቀይ አፈር ያስመጣሉ፣ ወይም አሸዋ ይቀላቅላሉ። ጭድ የሚጨመረውም እንዲያው ለማብዛት አይደለም። ጭዱ ጭቃውን አንድ ላይ ይይዘዋል። ስንጥቁ ትልቅ እንዳይሆን ይከለክለዋል። የጤፍ ጭድ ቀጭንና ለስላሳ ስለ ሆነ ከሁሉ ይመረጣል። ጭቃው ቶሎ አይመረግም። በውኃ ተቦክቶ፣ በየጊዜው ውኃ እየተጨመረበትና እየተረገጠ ቢያንስ አንድ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ያኔ ጭዱ ይበሰብስና ጭቃው እንደ ሊጥ ይያያዛል። ይሸታል፤ ምን ይደረግ፣ ካልሸተተ አልደረሰም።

ወቅቱም አለው። ጤፍ የሚወቃው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ጭድ ያኔ ይረክሳል። ስለዚህ ጥርና የካቲት የምርጊት ወራት ናቸው። ግድግዳው ክረምት ሳይገባ በደንብ ይደርቃል። በግንቦት መጨረሻ የሚጀምር ሰው ዝናብ ይቀድመዋል።

አሮጌ ግድግዳ ስትጠግኑ የላላውን ሁሉ አራግፉ። ከዚያ ስፍራውን በውኃ አርጥቡት። ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውኃ ይመጥና ሥራችሁ በማግስቱ ተላቅቆ ይወድቃል። የመጀመሪያው ምርጊት ወፍራም ይሁን፤ ቢሰነጠቅ አትደንግጡ። ሲደርቅ በቀጭኑ ደግማችሁ ለስኑት። በመጨረሻ እበትና የተነፋ አፈር የገባበት ልስን ይከተላል።

የቤት ሞት የሚጀምረው ግን ከግድግዳው አይደለም፤ ከቋሚው እግር ነው። መሬት ውስጥ የገባው እንጨት እርጥበት አግኝቶ ይበሰብሳል። ከላይ ቤቱ ደህና ይመስላል። አንድ ክረምት ግን ይጎብጣል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ቋሚውን ከመሬቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ በቢላ ጫፍ ውጉት። ቢላው በቀላሉ ከገባ በስብሷል። ስትለውጡ አስቀድማችሁ ጣሪያውን በባላ ደግፉ። አንድ በአንድ ለውጡ፤ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትንቀሉ፤ ጣሪያው ሰው ላይ ይወርዳል። አዲሱ እንጨት ቅርፊቱ ይላጥ፣ መሬት የሚገባው ጫፉ በእሳት ይለብለብ ወይም ሬንጅ ይቀባ። በቤቱ ዙሪያም ውኃ የሚሄድበት ቦይ ቁፈሩ። አቃቂ ሜዳ ነውና ውኃው መንገድ ካላሳያችሁት ቤት ውስጥ ይገባል።

ስለ ጣሪያም አንድ ነገር ልንገራችሁ። የቆርቆሮ ሚስማር የሚመታው በጉብታው ላይ ነው። ውኃ የሚወርደው በጎድጓዳው ነው፤ እዚያ ላይ የተመታ ሚስማር በገዛ እጃችሁ የከፈታችሁት ቧንቧ ነው። የላይኛው ቆርቆሮ የታችኛውን ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል ይደርብ። ቆርቆሮ ለመግዛት ስትሄዱም ቁጥሩን አስልታችሁ ሂዱ። አንዱ ቆርቆሮ ከድርቡ ተርፎ 80 ሳንቲ ሜትር ይሸፍናል እንበል። የጣሪያው ወርድ 4 ሜትር፣ ማለት 400 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ 400ን ለ80 ስታካፍሉት 5 ይመጣል። ስሌቱን የሚያውቅ ሰው ስምንት ግዛ ሲሉት ለምን ብሎ ይጠይቃል።

አሁን አሁን ደግሞ የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን በዝቷል። ቤቱ ግንብ ይመስላል። ለዓይን ያምራል፤ እኔ ግን አልወደውም። ጭቃና ሲሚንቶ እኩል አያብጡም፣ እኩል አይሟሽሹም። ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፣ የገባውም ቶሎ አይወጣም። በውስጥ እንጨቱ ይበሰብሳል። ሲሚንቶ የሚገዛ ገንዘብ ያለው ሰው ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ የድንጋይ መሠረት ቢያሠራበት ይሻለዋል።

በመጨረሻ በመንግሥት ቤት ለምትኖሩ። ቀበሌ የሚለው የመሥሪያ ቤት ስም በወረዳ ተተክቷል፤ ሕዝቡ ግን አሁንም የቀበሌ ቤት ይላል። ከነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ በመልሶ ማልማት ፈርሰዋል። የቀሩት ደግሞ ያፈሳሉ። ግድግዳ ከማፍረሳችሁ ወይም ጣሪያ ከመለወጣችሁ በፊት ለወረዳው ማመልከቻ ጻፉ። ድሮ ይህን የሚጽፍላችሁ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚቀመጠው ጸሐፊ ነበረ፤ የጻፈውንም አንብባችሁ ማረጋገጥ አትችሉም ነበር። አሁን ራሳችሁ ጻፉት። ቀኑን፣ ስማችሁንና የቤት ቁጥሩን አስቀድሙ። ቀጥሎ የተበላሸውን በግልጽ ንገሩ፦ «የምሥራቁ ግድግዳ ሁለት ቋሚ በስብሷል» ማለት «ቤቱ ተበላሽቷል» ከማለት ይሻላል። ወጪውን የሚችለው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ መልሱም በጽሑፍ ይሁንላችሁ በሉ። በሁለት ቅጂ አዘጋጁት። አንዱን ስታስገቡ በሌላው ላይ ማኅተምና የገባበትን ቀን አስመትታችሁ ከኪራይ ደረሰኛችሁ ጋር፣ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት።